ጥቁር ለብሶ መከራከር

ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ሳልናደድ የዋልኩበት ቀን ጥቂት ነው። ሰው ሐዘንተኛ ያለቅሳል ብሎ ይጠብቃል እንጂ ይናደዳል ብሎ አይጠብቅም። እኔ ግን ይህን ስጽፍም አልበረደልኝም፤ ቀስ እያልኩ የምጽፈውም ለዚሁ ነው።

በቤታችን እህል የሚገዛው እሱ ነበር። ቅዳሜ ገበያ አብረን እንወርዳለን። ጤፉን በመዳፉ ዘግኖ እፍ ይልና ጨርሶ የማይገዛ ይመስል ያጣጥለዋል። ነጋዴው ሲምል እሱ ይስቃል፤ ጥሎ ይሄዳል፤ ተጠርቶ ይመለሳል። እኔ አፍሬ ራቅ ብዬ እቆማለሁ። አንድ ቀን እንኳ ነይ አንቺ ሞክሪው አላለኝም። በዚህም እናደድበታለሁ፤ ሞቶም።

ለአርባው ተዝካር ጧፍ፣ ዕጣንና በግ ስንገዛ፣ የሰፈሩ ሴቶች ለነፍስ በሚገዛ ነገር ላይ መከራከር ነውር እንደሆነ ነገሩኝ። ከሟቹ ድርሻ እንደ መቀነስ ነው አሉኝ። የተጠራውን ከፈልኩ። ከዚያ በኋላ ግን ጥቁሩን እስካወልቅ ድረስ ለጓዳዬ በምገዛውም ሁሉ ዋጋ ቀንሱልኝ ማለት የማይገባኝ መሰለኝ። እንዲህ አድርጊ ያለኝ ሰው የለም፤ ተይ ያለኝም የለም።

ጤፍ የምገዛው ከባለቤቴ የጽዋ ማኅበርተኛ ነበር። በዕድሜ ይበልጠናል። አስከሬኑን ከተሸከሙት አንዱ ነው። በሄድኩ ቁጥር ከመቀመጫው ተነስቶ፣ ላንቺማ ምርጡን ነው ይለኛል። የጠራውን ሰጥቼ፣ አመስግኜ እመለሳለሁ። ነጠላ ጠልፌ ለተሳላሚ ሸጬ የማገኘውን ግን ጤፍ ብቻ ጨረሰው። አሥራ አንደኛ ክፍል ለምትማረው ልጄ ጫማም ደብተርም መግዛት አቃተኝ። ኮን ከተማ የሚኖረው ወንድሜ፣ ትምህርቷን ታቁም፣ ላኪያትና ከእኛ ጋር ትሥራ አለኝ። እሺ ልለው ጥቂት ነበር የቀረኝ።

በዚያው ሰሞን ወፍጮ ቤት ተራ ስንጠብቅ ጠላ ሻጯ ጎረቤቴ እህሌን ዘገነችና ከየት ገዛሽው አለችኝ። ነገርኳት። እሷም የገዛችው ከዚያው ሰውዬ፣ ከዚያው ጆንያ ነው። የከፈልኩትን ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች፤ ፊቴን አይታ ተወችው።

«አንቺዬ፣ እሱማ ያመሰግንሻል። እሷ ጨዋ ናት፣ እንደናንተ አትጨቀጭቅም ይለናል» አለችኝ።

ልጄን ከትምህርት ቤት ሊያስወጣት የነበረው ይህ ጨዋነቴ ነበር።

ቅዳሜ ገበያ ወረድኩ። እንደ ልማዱ ተነሳልኝ። ለጎረቤቴ በሸጡበት ይስጡኝ አልኩት። ዙሪያውን ቃኘና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እህቴ፣ ሐዘን ላይ ሆነሽ ትከራከሪያለሽ? ሰው ምን ይላል?»

«የሞተው ባሌ ነው። አፌ አልሞተም።»

አጠገባችን ሽንኩርት የሚመርጥ ሰው ሳቀ። ነጋዴው መንገዱን፣ የጭነቱን ኪራይ፣ አምጪዎቹን ወቀሰ። በማኅበሩ ጽዋ ሊምልልኝ ሲል፣ ያንን ጽዋ ከባሌ ጋር የጠጡት ነውና በእሱ አይማሉብኝ አልኩት። ትንሽ ቀነሰ። ደግሞ ቀነሰ። በመጨረሻ ጎረቤቴ የከፈለችውን ዋጋ እጆሮዬ ሥር አንሾካሾከ፤ ለእኔ የተደረገ ውለታ አስመስሎ።

ከኋላዬ እንደኔው ጥቁር የለበሰች የገጠር ሴት ከረጢቷን አጥፋ ይዛ ቆማ ነበር። ከምድር ቀና ብላ አላየችም። የጠራላትን ከፍላ ልትሄድ ነው የመጣችው፤ አውቃታለሁ፣ ወራት ሙሉ እሷን ነበርኩ።

«ዋጋውን ጮክ ብለው ይጥሩት» አልኩት።

አልጠራም አለ። እኔም አልከፍልም፣ ከፊትዎም አልነሳም አልኩ። ገዢ ከኋላ ሲበዛበት ጠራው። ሴትዮዋም በዚያው ዋጋ አስመዘነች። አላመሰገንኩትም።

ማታ ለወንድሜ ደውዬ ልጅቱ አትመጣም አልኩት። ጤፍ ረከሰ እንዴ ሲለኝ፣ አልረከሰም፣ ተከራክሬ ነው አልኩት። እሱ ግን፣ ጥቁርሽን ሳታወልቂ፣ ያውም ገበያ መሀል፣ ሰው ምን ይለናል አለ።

ስልኩን ዘጋሁበት።