ከቡሄ እስከ ከተራ የታመመ ትከሻ

ትከሻዬን የጎዳሁት ጅራፍ ሳጮህ ነው። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ መጀመሪያ ሽበቴን ያያል፤ ቀጥሎ ይስቃል። አልፈርድበትም። ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ በአርብ ገበያ ከተማ የሰው ልጅ የሚያስተምር፣ በበዓል ቀን ነጭ ጠምጥሞ ከበሮ የሚመታ ሰው ለቡሄ ከጎረምሳ እጅ ጅራፍ ተቀብሎ መንገድ መሀል መቆም አልነበረበትም።

ጥፋቱ ግን የእኔ ብቻ አይደለም፤ የጎረቤቴም ነው። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊ ነው። አብረን አድገናል፣ አብረን ድቁና ተቀብለናል፣ በማኅሌትም እርሱ ጸናጽል ይይዛል፣ እኔ ከበሮ። የቡሄ ዕለት ከሱቁ በር ላይ ቆመን የጎረምሶቹን ጅራፍ ስንሰማ፣ «በእኛ ጊዜ እንዲህ ነበር እንዴ የሚጮኸው!» አልኩ። እርሱም ቀና ብሎ አየኝና፣ «አንተ ደግሞ መቼ አጩኸህ ታውቃለህ?» አለኝ። በቃ። ከዚያ ወዲያ የሆነው ሁሉ የመጣው ከዚህች ቃል ነው።

የመጀመሪያው ጥሩ ጮኸ። ሁለተኛው ከዚያ በለጠ። ሦስተኛውን የእርሱን አፍ ላስይዝ ብዬ ከራሴ በላይ ሁለት ጊዜ አዞርኩና ባለ በሌለ ኃይሌ መለስኩት። ጅራፉ ጮኸ፤ ትከሻዬ ውስጥም አንድ ነገር ቀጭ አለ። ሰው «እሰይ!» ይላል፣ እኔን ላብ ያጠምቀኛል። እንደ ምንም ፈገግ ብዬ ጅራፉን በግራ እጄ ለባለቤቱ መለስኩ።

ቤት ስገባ ኮቴን ማውለቅ አቃተኝ። ባለቤቴ ሁሉንም ከእኔ አውጣጥታ ከሰማች በኋላ፣ «እንኳን ውድድሩ በዝላይ አልሆነ» አለችና ወጌሻ አስጠራች። ወጌሻው እጃቸው የተመሰከረላቸው ሽማግሌ ናቸው። እርሷ ቅቤ አቅልጣ ጠበቀቻቸው። እርሳቸው በሁለት ጣት ብቻ ዙሪያውን ነካ ነካ አደረጉኝና፣ «ቅቤውን መልሽው፣ ልጄ» አሏት። «አጥንቱ ከቦታው አልወጣም። የተጎዳው ሥጋው ነው። ይህን ባሸው አባብሰዋለሁ። ንፋስ መውጫ ሆስፒታል ይውሰዱት።» እንዲህ ሲሉ ነው የፈራሁት። ወጌሻ እጁን ሲሰበስብ አይቼ አላውቅም።

ንፋስ መውጫ ድረስ ያለውን የመንገድ ጉድጓድ አንድ በአንድ ትከሻዬ ቆጠረው። ራጅ አነሱኝና ወደ አንዲት ወጣት ፊዚዮቴራፒስት ላኩኝ። ልጅቷ የእኔ ተማሪ ልትሆን ትችል ነበር። እጄን ቀስ ብላ እያነሳች፣ እያጠፈች፣ «እዚህ ጋ ያምዎታል? እዚህስ?» አለችኝ። ያላመመኝ ቦታ የለም። «ጡንቻው ነው፣ ጋሼ። ደግነቱ ጨርሶ አልተበጠሰም። ይድናል፤ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል» አለች።

ትዕግሥት የለኝም። «ለጥምቀት ከበሮ እመታለሁ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ከበሮው ስንት ኪሎ ይሆናል?»

«ተሸከምኩት እንጂ መዝኜው አላውቅም።»

ሳቀችና «እናያለን» አለች። ይህችን «እናያለን» የምትባል ቃል ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠላኋት። በከተራ ዕለት ታቦቱ ወደ ውኃው ሲወርድ ከፊት የሚሄደውን ከበሮ ከሃያ ዓመት በላይ የመታሁት እኔ ነኝ። አስተማሪነቴን እወደዋለሁ፤ ግን ፊደል ስላስቆጠርኩ እልል ያለልኝ ሰው የለም። ያ ቀን ከቀረብኝ ዓመቱ ምን ሊሆነኝ ነው?

ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀዝቃዛ ነገር እንድይዝበት ልጅቷ አዝዛኝ ነበር። ነሐሴ ነውና በረዶ ከደጅ አልጠፋም፤ ጎረቤቴ በጨርቅ እየቋጠረ ያመጣልኝ ጀመር። ባለቤቴ ግን አልተዋጠላትም። «ብርድ በገባው ትከሻ ላይ ሌላ ብርድ!» ትላለች። በረዶው ቀልጦ ሲያልቅ ጠብቃ ጋቢ ትደርብብኛለች፤ እኔም እርሷንም ሐኪሟንም ላለማስቀየም ሁለቱንም ተቀበልኩ።

ቀጥሎ እንቅስቃሴ መጣ። በግራ እጄ ጠረጴዛ ተደግፌ አጎነብሳለሁ፤ ቀኙን እለቀውና ወዲህ ወዲያ ይወዛወዛል። ባለቤቴ በዚያ ስታልፍ፣ «ደግሞ ቄስ ሆነህ ታጥን ጀመርክ?» ትለኛለች። ሌላው ግድግዳ ነው። ጣቶቼን በግድግዳው ላይ እያራመድኩ ወደ ላይ አወጣለሁ፤ የደረስኩበት ላይ በጠመኔ አሰምራለሁ። መጀመሪያ ከደረቴ አያልፍም ነበር። በየሳምንቱ አንድ ጣት፣ ሁለት ጣት ከፍ ይላል። እውነት ለመናገር፣ ያን መስመር ሳይ የሚሰማኝ ደስታ ትንሽ አልነበረም። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጫማዬን ሳላወልቅ ወደ ግድግዳው እሄድ ነበር።

መስቀል ሲደርስ ሁሉን አበላሸሁት። በእኛ አገር ወንድ ከወንድ ጋር ሰላም ሲባባል ቀኝ ትከሻ ለቀኝ ትከሻ ይጋጫል፤ የናፈቀህ ሰው ከሆነ ደግሞ ጠበቅ አድርጎ ነው። ደመራው ላይ የማውቀው ሰው ሁሉ፣ «ታመመ ሲሉ ሰምቼ ሳልጠይቅህ!» እያለ ያንኑ የታመመውን ይገጨኛል። ተው ማለት አፈርኩ። አንዱን ብከለክለው ኮራ ይለኛል፤ ግራዬን ብሰጠው ናቀኝ ይላል። ሃያ ይሁን ሠላሳ ሰው አላውቅም፤ ጥርሴን ነክሼ ሁሉንም ሰላም አልኩ። በማግሥቱ ጣቶቼ ግድግዳው ላይ ከደረቴ አልፈው አልሄድ አሉ።

«ምን ተሸከሙ?» አለች ልጅቷ ስታየኝ፣ ተቆጥታ።

«ምንም አልተሸከምኩም። ሰላምታ ነው።»

የአርብ ገበያን ሰላምታ ታውቃለችና መሳቅ ፈልጋ ዋጠችው። «አንድ ወር ወደ ኋላ መለሱኝ፣ ጋሼ» አለች።

ይህን የሰማ ጎረቤቴ ከዚያ ወዲህ በገበያ ቀን ሱቁን ለሚስቱ እየተወ በቀኜ በኩል ይሄድ ጀመር። ሰው እጁን ዘርግቶ ሲመጣ የራሱን ትከሻ መሀል ያስገባና፣ «የእርሱን ለእኔ ስጠኝ!» ይላል። ገበያተኛው ይስቃል። እኔ ግን አልሳቅሁም። መሪጌታው በእኔ ምትክ ከበሮውን የሰጡት ለእርሱ ነበርና፣ አጠገቤ ባየሁት ቁጥር ሆዴ ይሻክራል።

ቅናት ነበር፤ ሌላ ስም የለውም። መስቀል ላይ ሲመታው ምቱ እየሮጠ ዘማሪውን ሁሉ ጥሎት ሲሄድ ደስ ብሎኝ ነበር። በኅዳር ግን ጥሩ ሆነ። በጣም ጥሩ። ወረቡን በልኩ አንስቶ በልኩ አሳረፈው። እኔ መቋሚያዬን በግራ እጄ ይዤ፣ ያለ እኔ ምንም ያልጎደለበትን ማኅሌት ሳይ ከትከሻዬ ይልቅ ይህ አመመኝ።

ስንወጣ፣ «ተስማምቶሃል» አልኩት። ቀና ሳይል ጫማውን ማጥለቅ ጀመረ። ይህ አናደደኝና፣ «ትከሻዬን ያስጎዳኸኝ ለካ ለዚህ ኖሯል!» አልኩት።

እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ ይወጣል ብዬ አላስብም ነበር። ነጠላውን አስተካክሎ ወደ ቤቱ ሄደ። በሚቀጥለው ዓርብ ገበያ ስወጣ ግን በቀኜ በኩል ነበር። አያወራኝም፤ ሰው ሲመጣ ትከሻውን ያስገባል። ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። ዛሬ ነገ እያልኩ ገና አለፈ።

ከገና በኋላ ንፋስ መውጫ ሄድኩ። ልጅቷ እጄን አነሳችው፣ አዞረችው፣ ተጭና ገፋችው፤ እኔም ገፋኋት። «ይምቱ» አለችኝ። «ሲደክምዎ ግን ለሌላ ይስጡ።» ስመለስ ያ ሁሉ ጉድጓድ የት እንደ ገባ እንጃ፣ መንገዱ አስፋልት መሰለኝ።

የከተራ ዕለት መሪጌታው ራሳቸው ከበሮውን አንገቴ ላይ አጠለቁልኝ። የመጀመሪያውን ምት ስመታ ትከሻዬ እሺ አለኝ። ቀስ ብዬ ጀመርኩ፣ ከዚያ ጠበቅ አደረግሁት። አላመመኝም። ሕዝቡ እያጨበጨበ ቁልቁል ወረድን። ከጸናጽል ያዦቹ መሀል ጎረቤቴን በዓይኔ ፈለግሁት፤ የለም። ከበሮውን ስለ ተቀበልኩት ተቀይሞ ቀረ ብዬ አዘንኩ፣ ትንሽም ተናደድኩ።

ውኃው አጠገብ ስንደርስ ከኋላ እልልታ ተነሣ። ሕዝቡ መንገድ ከፈተ። ጎረቤቴ በዳሩ ወርቃማ ዘርፍ የተሰፋበት ቀይ የከፋይ ጃንጥላ ዘርግቶ ይመጣል። ስፌቱ የእርሱ እንደ ሆነ ከሩቅ አወቅሁት። ታቦቱ ፊት ተንበረከከና ለቄሱ አስረከበ።

«የምን ስለት ነው?» አሉ ቄሱ፣ ሕዝቡ እንዲሰማ።

በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ። «የዚህ ሰው ቀኝ እጅ ነው። በቡሄ ማግሥት የተሳልኩት። ለከተራ ከበሮውን ከመታ ጃንጥላ አገባለሁ ብዬ ነበር።»

እልልታው ቀለጠ። እጄ ከበሮው ላይ እንዳለ ቀረ። በእነዚያ ወራት ሁሉ ከበሮውን ሲመታ፣ ከእጁ ወጥቶ ወደ እኔ እንዲመለስ ሲለምን ነበር። እርሱ ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈና በቀኜ በኩል መጥቶ ቆመ።

«ምታ እንጂ!» አለኝ። «ሰው ቆሞ ይጠብቃል።»

እያለቀስኩ መታሁ።