የመላኩ ግዝት

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ሌላውን ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ፤ መጠጡን፣ ሴቱን፣ በጾም የበላሁትን። ይችን ግን በየጊዜው እዘልላታለሁ። አሁን ለእናንተ ልናገር ነው። ልትሰድቡኝ አትድከሙ፤ እኔ ራሴን ከዚያ የባሰ ብየዋለሁ።

አዲስ አበባ ውስጥ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ሲፈለግ የእኔ ስልክ ይጠራል። ትዝታውንም፣ ሬጌውንም፣ ጃዙንም፣ የሠርግ ጭፈራውንም እችላለሁ። "ይህ ሰው የማይገባበት የለም" ይሉኛል። ማን አስተማረህ ሲሉኝ "በራሴ" እላለሁ። ውሸቴን ነው! ጣቶቼ የሚያውቁትን ሁሉ የሰረቅሁት ከመላኩ ነው።

መላኩ የቄስ ጌታሁን አንድያ ልጅ፣ የላሊበላ አብሮ አደጌ ነበር። ዲያቆን ሳለ በገና ደረደረ፤ ከዚያ ክራር፣ ከዚያ ማሲንቆ። የምንሠራበት ሆቴል ቤዝ ጊታር ሲያመጣ ደግሞ በገና በለመደው እጁ ያን ወፍራም ክር ነካው፤ ወዲያው ገባው። እኔ ክራር እጫወት ነበር፤ የሚሰማኝ አልነበረም። ጊታሩንም የእሱን ጣቶች እያየሁ ለመድኩ። ቀናሁ። ሌላ ስም አልፈልግለትም፤ ቀናሁ።

የገና ጾም ሳለ አንድ የባንድ መሪ ከአዲስ አበባ መጥቶ መላኩን ሰማና "ከበዓሉ በኋላ ይዤህ እሄዳለሁ" አለው። አባቱ ግን ልጃቸው አስተናጋጅ ይመስላቸው ነበር። በማግስቱ አባቱ ወደሚያገለግሉበት፣ ተራራው ላይ ወዳለው አሸተን ማርያም ወጣሁ። ቄሱ ከቅዳሴ ሲወጡ መስቀላቸውን ተሳለምኩና "አባ፣ መላኩ በጾም መጠጥ ቤት ዘፈን ያጫውታል፤ እንደ ወንድም አሳስቦኝ ነው" አልኳቸው። እንደ ወንድም!

ያንኑ ቀን ወርደው ሰው ሁሉ እያየ በሆቴሉ በር ላይ ገዘቱት። "ከእንግዲህ ክር የተባለ እንዳትነካ፣ በሥላሴ ስም ገዝቼሃለሁ!" በእኛ አገር የካህን ግዝት አይጣስም፤ የገዘተው ካልፈታው ሰው ከነግዝቱ ይቀበራል። መላኩ ጊታሩን ከትከሻው አውርዶ ለእኔ ሰጠኝ። "እንካ ወንድም ዓለም፣ አንተ እንኳ ሂድ" አለኝ። በእሱ ቦታ ሄድኩ።

የምናዘዘው ግን ይህን አይደለም። ይህንስ የወጣትነት ቅናት ነው ብዬ ራሴን ባታለልኩ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ቄሱ መታመማቸውን ሰምቼ ልጠይቃቸው ላሊበላ ገባሁ። መላኩ ከላሊበላ ወጣ ባለችው ብልባላ ሚስት አግብቶ ያርሳል፤ አባትና ልጅ እንደተኳረፉ ነበሩ። ቄሱ እጄን ያዙኝ። "ልጄ፣ ጨክኜበት ነበር። ፈትቼዋለሁ። አባትህ እግዚአብሔር ይፍታህ ብለውሃል በለው። እስኪመጣ የምቆይ አይመስለኝም። አደራ፣ የሰማይ የምድር አደራ!"

"እሺ አባ" አልኩ። ሳይሰነብቱ ሞቱ።

ለቅሶው ላይ መላኩ "ሳይፈቱኝ ሄዱ!" እያለ ደረቱን ይመታል። አቅፌ ያዝኩት። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር፤ ዋጥሁት። "እግዜር ያጥናህ" ብቻ አልኩት። ለምን? እሱ ከተጫወተ እኔን ማን ይፈልገኛል? ይበልጠኝ ነበር፤ በቃ። የሰው ልጅ ለዚህ ብሎ እንዲህ ያደርጋል? እኔ አደረግሁ።

ባለፈው ጥምቀት ብልባላ ቤቱ ሄጄ ነበር። አንዱ ጎረቤት ክራር ቢያቀብለው እጆቹን ጋቢው ውስጥ ሸሸገ። "ኧረ እኔስ የታሰርኩ ነኝ፤ ይልቅ እሱ ያጫውተን" አለና ወደ እኔ አመለከተ። ተጫወትኩ። ዓይኑን ከጣቶቼ ላይ አልነቀለም። አንድ ቦታ ስሳሳት ከእኔ በቀር እሱ ብቻ አወቀብኝ። ሲሸኘኝ "ጎሽ፣ አኮራኸን" ብሎ ሳመኝ። ያን ጊዜም አልነገርኩትም።

ይቅር በሉኝ አልልም። ይቅር ሊለኝ የሚችለው ሰው በሕይወት አለ፤ መንገዱንም አውቀዋለሁ፤ አልሄድም። ከእናንተ መሃል በብልባላ የሚያልፍ ካለ መላኩን ፈልጎ "አባትህ ፈትተውሃል" ይበለው። ማን ነገረህ ካለ ግን፣ አደራ፣ የእኔን ስም አታንሱ።