የሽፈራው ምስክርነት

አሰላ የመጣሁት ባዮሎጂ እንዳስተምር ተመድቤ ነው። የተከራየሁት ክፍል ባለቤት የስኳር ሕመም ያለባቸው ትልቅ ሴት ናቸው፤ ጴንጤ ናቸው፣ እሑድ እሑድ ከጉባኤ ቀርተው አያውቁም። እማማ እላቸዋለሁ።

አንድ ቅዳሜ ወንድማቸው ከአቦምሳ የላኩላቸውን የሽፈራው ቅጠል ጥላ ላይ ሲያሰጡ አየኋቸው። ማንም የጠየቀኝ የለም። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ሆነና ነገሬ፣ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ማስተማር ጀመርኩ። ቅጠሉ ውስጥ ፍላቮኖይድ የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ፤ ስኳር ከአንጀት ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገያሉ፣ ሕዋሳትን ከጉዳት ይከላከላሉ፣ ኢንሱሊን ሥራውን በደንብ እንዲሠራ ያግዛሉ አልኳቸው። ያነበብኩት ጽሑፍ ሙከራው በአብዛኛው በአይጦችና በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ ባሉ ሕዋሳት የተሠራ መሆኑንም ይናገራል። ያንን ዘለልኩት። ንግግሬን ያበላሽብኝ ነበር።

እማማ ቅጠሉን ጠዋትና ማታ እያፈሉ መጠጣት ጀመሩ። የሚጠጡት በሻይ ፋንታ ስለሆነ፣ ሻይ ውስጥ ይጨምሩት የነበረው ሦስት ማንኪያ ስኳርም አብሮ ቀረ። በወሩ ሲለኩ ስኳራቸው ወርዶ ነበር። እሑድ ጉባኤ ፊት ቆመው፣ ጌታ በቅጠል ፈወሰኝ፣ መምህሯም በሳይንስ አረጋገጠችልኝ ብለው መሰከሩ። ሰኞ አንዷ የሥራ ባልደረባዬ እየሳቀች ነገረችኝ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር።

ሐኪም ያዘዘላቸውን የስኳር ኪኒን እንደተዉ ያወቅሁት ከሁለት ወር በኋላ ነው። ውሃ አይጠግቡም፣ ሽንት ቤት ይመላለሳሉ፣ ጫማ የላጠው የእግር ጣታቸው አልሽር ብሏል። ሐኪም ቤት እንሂድ ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ መስክሬያለሁ እኮ። እዚያ ያለችው ነርስ የኛ ዘማሪ ናት። በምን ፊቴ?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እግራቸውን ሊያጡ ነው፣ የሚፈሩት ግን ዘማሪዋን ነው። ተናደድኩባቸው። ትንሽ ቆይቼ ንዴቱ የሚገባው ለኔ እንደሆነ ገባኝ።

«በኔ ያሳብቡ። መምህሯ አሳሳተችኝ ይበሉ» አልኳቸው።

«በሐሰት?»

«ሐሰት አይደለም» ብዬ ስለ አይጦቹ ነገርኳቸው።

እማማ ከእግራቸው ቀና ብለው አዩኝ። «ታዲያ ያን ቀን ምን አፍሽን ያዘው?»

«ዐዋቂ መምሰል ጥሞኝ ነው» አልኩ።

በማግስቱ በባጃጅ ሄድን። ወረፋው እስከ በሩ ድረስ ሞልቷል። ነርሷ አይታቸው «እማማ፣ ድነው የለ እንዴ?» አለች። እማማ አንድ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ እንደጣሉ በሌላው ወደኔ ጠቆሙ።

«ይቺ ናት ያሳሳተችኝ» አሉ፣ ወረፋው በሙሉ እንዲሰማ። ከተሰለፉት መሃል የተማሪዎቼ ወላጆች ነበሩ። ዞረው አዩኝ። ፊቴ ነደደ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኩ።

ሐኪሙ ቁስሉን አገላብጦ ካየ በኋላ ጣቱ እንደሚተርፍ፣ ሌላ ሳምንት ቢቆዩ ግን እንደማይተርፍ ነገረን። እዚያው እንደቆምኩ አለቀስኩ። እማማ በነጠላቸው ጫፍ ፊቴን ጠረጉልኝ፤ ይቅር ብዬሻለሁ ግን አላሉም።