ጠመንጃ ድስት አይደለም

አጎቴ ካባላጋላ የሚባል ሰፈር ውስጥ ምግብ ቤት አለው። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ስጽፍ ግን አልችልም። በጥቁር ባሩድ የሚተኮስ፣ ፈቃድ ያወጣበት የድሮ ውጅግራ ጠመንጃም አለው። እሑድ እሑድ ወደ ወዳጁ እርሻ ይዞኝ ይሄድና ጄሪካን አቁሞ ይተኩሳል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ይመታል፤ ከዚያ በኋላ ጥይቱ የት እንደሚገባ ፈጣሪ ይወቀው።

«የጥይቱ እርሳስ ቢለሰልስ ነው» አለ። ካምዎክያ ሰፈር ካሉ ጎሚስታዎች ጠንከር ያለ የጎማ ባላንስ እርሳስ ገዝቶ፣ አቅልጦ፣ ጠንካራ አረር ሠራ። ባሰበት። በሳምንቱ ከዚያም የጠነከረ ይዞ መጣ፤ የጄሪካኑ ዕድሜ ረዘመ።

«ጋሼ፣ የባሩዱ ጥቀርሻ እኮ ነው። በየተኩሱ መሀል የአፈሙዙን ውስጥ በእርጥብ ጨርቅ ይወልውሉት» አልኩት።

«ጠመንጃ ድስት መሰለህ?» ብሎ ሳቀብኝ። ይህን የሚለኝ ድስት ላይ ጥላሸት ባየ ቁጥር አጣቢ የሚያባርር ሰው ነው።

በመጨረሻ «ተበላሽቷል» ብሎ ሊሸጠው ተነሣ። ባዶ መሆኑን አረጋግጬ፣ መዝጊያውን አውጥቼ በአፈሙዙ ውስጥ ወደ ብርሃን አየሁ። ውስጡ በጥቀርሻ ተለስኗል። መልሼ ሰጠሁት።

«ጋሼ፣ ይሄ ድስት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ማንን ያባርሩ ነበር?»