እሁድ ያለ መነጽር

ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ያለው ክሊኒካችን የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎችን ያክማል። አበሾች እንዲመጡ አበሻ አስተርጓሚ ያስፈልጋል ብዬ ጣሊያናዊቷን ሐኪም ያሳመንኳትም፣ አስተርጓሚዋም እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ልጅ ግን ሲያየኝ በሩ ላይ ቀረ።

«እሁድ የት ነው የምታስቀድሺው?»

ነገርኩት።

«እኔም እዚያው ነኝ። አሎራ፣ በቃ ቻው እህቴ» ብሎ የደም ምርመራ ውጤቱን ሳይሰማ ሄደ። ሕክምናውን ቶሎ መጀመር ነበረበት። ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ማንም ማንንም እንዳያይ በስልክ ላስተርጉም አልኳት ሐኪሟን። ደውላ አግባባችው፤ መጣ። እኔ ቤቴ ሆኜ፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ፣ ክፍሌን እዞራለሁ።

«ያቺ ባለ መነጽር የለችም አይደል?» አለ።

የለችም ብዬ ብዋሸው ውጤቱን ይሰማ ነበር። ግን ካታለልኩት እሁድ እንዴት አብሬው አስቀድሳለሁ?

«እኔው ነኝ» አልኩት። «ከፈለግህ ሌላ ሰው እንፈልጋለን።»

ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። የሄደ መሰለኝ።

«እንግዲያው እሁድ መነጽርሽን አውልቀሽ ነይ» አለ። «አሁን ንገሪኝ።»

እሁድ መነጽሬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ነጠላ የለበሰው ሁሉ አንድ ነጭ ሆነብኝ። የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ስደናበር አንዱ፣ «ቀስ በዪ እህቴ፣ እንዳትወድቂ» ብሎኝ አለፈ።