አረንጓዴው ባዘቶ

ወደ ኦቾሎ በሚያወጣው ዳገት፣ ሦስተኛው ጠመዝማዛ ላይ አንድ ትልቅ ሾላ አለ። ከጥላው ሥር ደግሞ ሸማ ሠሪው ጋሽ ኤርጫፎ ከሽመና ጉድጓዳቸው ወጥተው ወገባቸውን የሚያፍታቱበት ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። የአገርነሽ ሞተር ሁልጊዜ የምትፈላውም እዚያው ነበር። አንድ ክንድ አታሳልፍም፤ አንድ ክንድ አታጎድልም።

«ዶክተር፣ ላሚቱ ዛሬም ጠማት?» ይላሉ ጋሽ ኤርጫፎ። አገርነሽ ከኋላ ያሰረችውን ጀሪካን ስትፈታ ቆመው ያዩና ይጨምሩበታል። «የእኔይቱ እንኳ ጠጥታ ትታለባለች።»

አገርነሽ ዶክተር አይደለችም። አርባ ምንጭ ካለ አንድ ቢሮ የተቀጠረች የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናት። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሃያ ሁለቱን ከአባያ ዳር እስከ ገረሴ ከብት ስትከትብ አሳልፋለች። ሞተሯን ያገኘቻት አንድ ፕሮጀክት ተዘግቶ ንብረቱን ለቢሮው ሲያስረክብ ነው። ቀይ ናት፣ ረጅም ናት፣ እንደ መኪና ራዲያተር አላት። የቢሮው ወንዶች ቁመቷን አይተው ቁልፉን አንዱ ለሌላው ሲገፋው፣ አገርነሽ ቀሚሷ ሥር ሱሪ አጥልቃ መጣችና ከጠረጴዛው ላይ አነሳችው። በቃ፣ የእሷ ሆነች።

እንግዲህ ይቺ ሞተር ሁለት ወር ሙሉ አመሏ ከፋ። ሜዳ ሜዳውን ወደ አባያ ስትሄድ ጤነኛ ናት። ዳገት ስትይዝ ግን የሙቀት ጠቋሚው ቀይ ይነካል፣ ራዲያተሩ ሲታይ አንድ ሊትር ተኩል ውሃ የለም። የት ገባ? መሬት ላይ ጠብታ የለ፣ ሞተሩ ላይ እርጥብ ቦታ የለ። መካኒኩ በርናባስ የራዲያተሩን ክዳን ቀየረ፣ የሚያውቀውን ቱቦ ሁሉ አጠበቀ፣ የሞተሩን ራስ፣ ቴስታታውን ሳይቀር ከፍቶ ዘጋ። በከተማው ያሉት ሌሎች ሞተሮች ለመቀዝቀዝ ነፋስ ብቻ የሚበቃቸው ስለሆኑ እንዲህ ያለ በሽታ አይቶ አያውቅም። በመጨረሻ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «እትዬ አገርነሽ፣ ይቺ ሞተር ውሃ አታፈስም፤ ትበላለች» አላት።

ሰኞ ዕለት ደብዳቤ መጣ። የቢሮው ኃላፊ አቶ ሀብተወልድ ፈርመውበታል። ንብረት አስወጋጅ ኮሚቴው ዓርብ ሞተሯን አይቶ ከቁርጥራጭ ብረት ጋር ለጨረታ ያወጣታል፤ አገርነሽም «ድካሟን ከግምት በማስገባት» ወደ መድኃኒት መጋዘን ትዛወራለች። ሌላው ሁሉ ይቅር፣ ያቺ «ድካሟን» የምትል ቃል አንጀቷን አቃጠለችው። ደክሞኛል ብላ ለማን ነገረች? ከዓርብ በኋላ ቁልፍ አንጠልጥላ ካርቶን ስትቆጥር ልትውል ነው፤ የገረሴ ከብቶች ደግሞ መኪና ሲገኝ ሊከተቡ ነው። ደብዳቤውን ሁለቴ አነበበችና አጥፋ ሄልሜቷ ውስጥ ከተተችው።

ማክሰኞ ኦቾሎ እናቷ ጋ ወጣች፤ ሾላው ሥር እንደ ወጉ ከፈላች በኋላ ማለት ነው። እናቷ ወይዘሮ ሻሺቱ ደጃፍ ላይ ጥጥ እየፈተሉ ነበር፤ የተዳመጠው ባዘቶ ጭናቸው ላይ እንደ ደመና ተቆልሏል። የቤተ ክርስቲያኑ የሴቶች ጸሎት ቡድን ለሞተሯ እንደጸለየ አበሰሯት። የትኛው ቦታ እንደሚያፈስ ስላላወቁ በደፈናው ነው የጸለዩት። አገርነሽ ልትስቅ ስትል ዓይኗ ባዘቶው ላይ አረፈ። ባዘቶ የነካውን ውሃ ይይዛል። በየመገጣጠሚያው ቢወተፍ የሚያፈሰው ይታወቅ የለ?

እናቷ ለጋቢ ያሉትን ባዘቶ እየሳሱ ዘግነው ሰጧት። አስራ አንድ ቦታ ወተፈች፣ በክር አሰረች፣ ጥጡ የጋለውን ጭስ ማውጫ እንዳይነካ ተጠነቀቀች። ቁልቁል ወርዳ እንደገና ወጣች። ሾላው ጋ ፈላች። ጋሽ ኤርጫፎ ሞተሯን በጥጥ ተሸልማ ሲያዩዋት ሊድሯት ነው ወይ ብለው ጠየቁ። አገርነሽ ባዘቶውን አንድ በአንድ አወጣች፤ አስራ አንዱም ነጭ፣ አስራ አንዱም ደረቅ። ከሽማግሌው ድንጋይ ጫፍ ላይ ዘፍ አለች። ሄልሜቷ ውስጥ ያለችው ደብዳቤ ትዝ አለቻት።

ጋሽ ኤርጫፎም አዘኑላት መሰለኝ ቀልዱን ተዉት። የማሽላ ቂጣቸውን ቆርሰው እንኪ ሲሏት ጣቶቻቸውን አየች። ቀይና ቢጫ ናቸው፤ ለጥለት ክር ሲነክሩ ነበር የዋሉት።

«ጋሽ፣ እጅዎን ሳይታጠቡ ነው የሚበሉት?»

«ታጥቤያለሁ እንጂ» አሉ ሽማግሌው። «ውሃማ መጥቶ ይሄዳል። የት እንደዋለ የሚናገረው ቀለም ነው።»

አገርነሽ ቂጣውን አፏ ውስጥ እንደያዘች ቀረች።

ነገሩ ምን መሰላችሁ? ሁለት ወር ሙሉ ራዲያተሩን የምትሞላው በምንጭ ውሃ ነው! አርባ ምንጭ ተቀምጦ ለራዲያተር የሚሆን ውሃ የሚገዛ ማን ሞኝ አለ? በርናባስም ያው፣ ከተማውም ያው። ያ ኩራታችን የሆነው ጥርት ያለ ውሃ የጋለ ብረት ላይ ያርፍና ይተናል፤ ባዘቶውንም ያርሰዋል፣ ሙቀቱ መልሶ ያደርቀዋል፤ ምስክር የሚባል ነገር አይተውም። ሌባውን ሲደብቁ የከረሙት ምንጮቻችን ናቸው!

ረቡዕ ማለዳ መለዋወጫ ሱቅ ሄዳ አቧራ የጠጣ አረንጓዴ ኩላንት፣ ራዲያተር የሚሞላበትን ባለቀለም ፈሳሽ፣ ከመደርደሪያ አወረደች። በርናባስ ሳቀ። «በአርባ ምንጭ ከተማ ውሃ በፕላስቲክ ይገዛል?» አላት። እሷ ግን የምንጩን ውሃ አስደፍታ ኩላንቱን አስሞላችው። ከዚያ አዲስ ባዘቶ መወተፍ ጀመረች፤ ቱቦ ያለበትም የሌለበትም ሳትል። ጣቷ አልገባ ያለበትን ቦታ ከእናቷ በተዋሰችው እንዝርት ገፋችው። በርናባስንም ከኋላዋ አስቀመጠችው፤ በኋላ አላየሁም እንዳይል ነው።

ሾላው ጋ ፈላች። የዚያን ቀን መፍላቷ እንዴት ደስ አለ! እስኪበርድ ጠበቁና ባዘቶውን እያወጣች በርናባስ መዳፍ ላይ ትደረድርለት ጀመር። ነጭ። ነጭ። ነጭ። በእንዝርት የገፋችውን፣ ከካርቡራተሩ ሥር ከሞተሩ ጀርባ ያለውን፣ በእንዝርቱ ጫፍ ቆስቁሳ ሳበችው። ደርቋል፤ ግን እንደ ክረምት ሣር አረንጓዴ ነው።

«እዚያ ጋ እኮ ቱቦ የለም» አለ በርናባስ።

«የሌለው ቱቦ ነዋ ላሚቱን ሲያልባት የከረመው» አለችው።

ጋራዥ ተመልሰው ነዳጅ ታንኩን ሲያወርዱ አገኙት። አውራ ጣት የምታህል ቱቦ፣ ሆዷ ላይ ክር የምታህል ስንጥቅ። ሜዳ ላይ ስንጥቋ አፏን ትዘጋለች። ዳገት ላይ ሞተሩ ሲግልና ውስጡ ያለው ግፊት ሲጨምር ግን ትከፈታለች፤ ጠብታውም ቀጥታ ጭስ ማውጫው ላይ ነው የሚያርፈው፣ መሬት ሳይነካ እንፋሎት ሆኖ ይሄዳል። በርናባስ ስንጥቋን እያጠፈ እየዘረጋ ብዙ አያት። ሐሙስ ጠዋት ከአዲስ ቱቦ ቆርጦ ተካ። ሁለት ወር የተፈለገችው ነገር በግማሽ ሰዓት አለቀች።

ዓርብ አቶ ሀብተወልድ የኮሚቴውን ወረቀት ይዘው፣ የብዕራቸውን ክዳን ከፍተው ግቢው ውስጥ ቆሙ። አገርነሽ ክርክር አልገጠመችም። ሄልሜት አቀበለቻቸው፣ ውሃ የሞላ ጀሪካንም አሸከመቻቸው።

«ይቀመጡ» አለቻቸው። «ሾላው ጋ ከፈላች እዚያው እፈርምልዎታለሁ።»

አቶ ሀብተወልድ ቀላል ሰው አይደሉም፤ ለሁለት የሚበቃ ኪሎ አላቸው። ይሁን ብላ ዳገቱን ተያያዘችው። አንደኛው ጠመዝማዛ። ሁለተኛው። ዓይኗ ጠቋሚው ላይ። ሦስተኛው ላይ ጋሽ ኤርጫፎ ድንጋያቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ሞተሯን ሲያዩ ለለከፋ ተዘጋጅተው አፋቸውን ከፈቱ። ቀይዋ ሞተር እብስ ብላ አለፈቻቸው። አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ።

እናቷ ደጃፍ ስትደርስ ጠቋሚው ከመሀል ፈቀቅ አላለም። በዚያ ቀን ያፈሰሰው ነገር ቢኖር ጀሪካኑ ብቻ ነው፤ ክዳኑ ላልቶ የአቶ ሀብተወልድን ሱሪ እስከ ጉልበት አርሶታል። ወይዘሮ ሻሺቱ ጌታን አመስግነው፣ ጸሎቱ በደፈናውም ቢሆን መድረሱን አስታወቁ። አቶ ሀብተወልድ ወረቀቱን ኮርቻው ላይ ዘርግተው «ትወገድ» የሚለውን ሰረዙና «ለመስክ ሥራ ብቁ» ብለው ጻፉ። ስለ ዝውውሩ ስትጠይቃቸው መጋዘኑ ሌላ ሰው እንደሚፈለግለት፣ ሰኞ ገረሴ ክትባት እንዳለ ነገሯት።

ስትወርድ ሾላው ጋ ሞተሯን አቆመች። በሁለት ወር ውስጥ በገዛ ፈቃዷ እዚያ ስትቆም የመጀመሪያዋ ነው።

«ዛሬ ላሚቱ አልጠማትም?» አሉ ጋሽ ኤርጫፎ፣ ለስለስ ብለው።

አገርነሽ ከኪሷ አረንጓዴውን ባዘቶ አውጥታ መዳፋቸው ላይ አኖረችላቸው።

«ታለበች፣ ጋሽ» አለቻቸው።

ሽማግሌው ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው አገላብጠው አዩት፣ በጣታቸው ቆንጥረው አከረሩት፣ ባርኔጣቸው ጥግ ላይ ሻጥ አደረጉት። ሰኞ ጠዋት አገርነሽ የክትባቱን የበረዶ ሳጥን አስራ ወደ ገረሴ ስትነሳ ያንን ጀሪካን ለእናቷ ትታላቸው ነበር።