ጉሌድ የዘጋው መስኮት

ባለፈው ሐሙስ ከአስር ሶላት በኋላ፣ ሀርጌሳ፣ ጅግጅጋ ያር በሚባለው ሰፈር ያለው ቤቴ ውስጥ ሻይ እየጠጣን ነበር። ልጄ ሆዳን ከሥራ እንደገባች ቦርሳዋን ወርውራ ከንቲባውን መሳደብ ጀመረች። የቧንቧ ውሃ ከጠፋ ሰንብቷል፤ እሷ ደግሞ ሲጠማት ድምጿ ይጎላል። ከአጥሩ ወዲያ ያለው ጎረቤታችን ፖሊስ ነው። "ጨምሪበት! የኛም በርሜል ባዶ ነው!" እያለ ያቀጣጥላታል። በዚህ መሀል እንግዳዬ፣ የአጎቴ ልጅ ጉሌድ፣ ብርጭቆውን አስቀምጦ ተነሣና መስኮቱን ዘጋው።

"ኧረ አጎቴ፣ በዚህ ሙቀት?" አለችው ሆዳን።

"አቧራ ነው" አላት።

እኔን ሻዩ ትን አለኝ። ይህችኑ ቃል ከዚሁ ሰው አፍ፣ በዚያው ዓይነት አዘጋግ፣ ወጣት ሳለን ሰምቻታለሁ። የእኔ ነው ያልኩትን ኑሮ ይዞብኝ የሄደውም በእሷ ነበር።

እኔና ጉሌድ የወንድማማች ልጆች ነን። ቤተሰቦቻችን በጦርነቱ ከሀርጌሳ ሲሸሹ ድሬዳዋ ገቡና እዚያ አደግን። አማርኛውንም ያመጣነው ከዚያ ነው፤ ዛሬም ሁለታችን ብቻ ስንሆን የምናወራው በእሱ ነው። የጉሌድ አባት እዚያው ድሬዳዋ ሻይ ቤት ተቀምጦ በተናገራት አንዲት ቃል ታሰረ። ሲፈታ ሰውነቱ አልቆ ስለነበር ብዙም አልቆየ። ከዚያ ወዲህ በእነጉሌድ ቤት ግድግዳው ጆሮ አወጣ። እናቱ ስኳር ተወደደ ለማለት እንኳ አስቀድማ መስኮቱን ትዘጋ ነበር። እኔ ከወላጆቼ ጋር ቀድሜ ወደ ሀርጌሳ ተመለስኩ፤ እሱ ብዙ ቆይቶ ተከተለን። በመካከሉ የእኔ አፍ ተፈታ፣ የእሱ እንደታሰረ መጣ።

ያኔ ሀርጌሳ ገና ከፍርስራሽ እየተነሣች ነበር። መንገዱ ጉድጓድ፣ አጥሩ ቁልቋል፣ መብራቱ ጀነሬተር ካለው ጎረቤት በሽቦ የሚለመን። ነገር ግን ምርጫ እየመጣ ነበርና ከተማው በወሬ ጦፏል። ሻይ ቤት ገብተህ ባለሥልጣኑን እንደ ክፉ አማት ስታማው ብትውል የሚገላምጥህ የለም። እዚህ ጋዜጠኛ አይታሰርም ማለቴ አይደለም፤ ይታሰራል። ግን ሲታሰር ደግሞ ሰው ስለ መታሰሩ እየጮኸ ያወራል። ከድሬዳዋ ተሸማቅቆ ለመጣ ልጅ ይህ ራሱ ያሰክር ነበር፤ እኔም ሰክሬ ነበር።

በዚያው ሰሞን የሁለታችንም አጎት ጃማ መጣ። የሚኖረው ባሕር ማዶ ባለች የዓረብ ከተማ ነው። ስሟን የማልጠራው ለጉሌድ ብዬ ነው፤ እሱ አሁንም እዚያ ይኖራል። አጎቴ የአንድ ትልቅ መጋዘን ኃላፊ ነበር፤ የመጋዘኑ ባለቤት ከዘመዶቹ አንድ ወጣት እንዲያመጣ ፈቅዶለታል። አንድ ብቻ። ያሳየን ፎቶግራፍ ላይ መንገዱ እንደ ታጠበ ትሪ ያበራል፣ ድልድዩ በድልድይ ላይ ይሄዳል። "ሌባ የለም፤ መብራት ጠፍቶ አያውቅም" ይለን ነበር። እኔ ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ ፍለጋ የምንከራተት ጎረምሳ ነበርኩ። ዕድሉ የእኔ መሆኑን አልተጠራጠርኩም። እንግሊዝኛ የማውቀው እኔ፣ ተናጋሪው እኔ፤ ጉሌድማ ሰላምታ እንኳ የሚሰጠው ተለምኖ ነው።

ጁምዓ ዕለት እናቴ ያለኝን አንድ ነጭ ሸሚዝ ተኮሰችልኝ። አባቴ ከድሬዳዋ ይዞት የመጣውን ተረት ጆሮዬ ላይ ጣል አደረገብኝ፦ "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ዛሬን እንኳ።" እኔ ግን አጎቴ አንደበቴን አይቶ ይመርጠኛል ብዬ ተዘጋጅቻለሁ። ጠዋት የበልጉ ዝናብ ጥሎ ስለነበር የረጠበ አፈር ሽታ በመስኮቱ ይገባል። ሩዙ በሰፊ ትሪ ቀረበ፤ ላዩ ላይ የፍየል ሥጋ፣ ጎኑ ሙዝ። ጎረቤታችን ሐጂ ዋርሰሜም ተጠርተው መጡ። ሐጂ ባሉበት ፖለቲካ ሳይነሣ ምሳ አይበላም።

እኔም ተያያዝኩት። መንገዱን የበሉት እነማን እንደሆኑ፣ ማን ለማን ጎሣ ሥራ እንደሰጠ፣ ሩዝ የጨበጠ እጄን እያወዛወዝኩ ዘረዘርኩ። ሐጂ "ወላሂ እውነት ነው!" ይሉኛል። አጎቴን በጎን አየዋለሁ፤ አንገቱን ደፍቶ ይበላል። ልክ የአንዱን ሚኒስትር ስም ስጠራ ጉሌድ ተነሣ፤ እጁን ሊታጠብ መስሎኝ ነበር። ሄዶ መስኮቱን ገጥሞ፣ መቀርቀሪያውን ስቦ ተመለሰ።

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። "ክፈተው አንተ ልጅ!" አሉ ሐጂ ዋርሰሜ እንባቸውን እየጠረጉ። "ሚኒስትሩ ራሱ ቢያልፍና ቢሰማንስ? ገብቶ ሩዝ ይበላል እንጂ!"

"አቧራ ነው" አለ ጉሌድ። ውጭው ጭቃ ነበር። ከሁላችንም ያልሳቀ አጎቴ ጃማ ብቻ ነው።

ከሻይ በኋላ ለአባቴ የነገረው የጉሌድን ስም ነበር። ግቢ ውስጥ ውዱእ ሲያደርግ ደረስኩበት።

"አጎቴ፣ የተማርኩት እኔ ነኝ። ለምን እሱ?"

"አንተ ጎበዝ ነህ" አለ እግሩን እያጠበ። "እዚያ ሰላም አለ፣ ደመወዝ አለ፣ በርህን ሳትቆልፍ ትተኛለህ። በምትኩ የሚፈልጉብህ አንድ ነገር ብቻ ነው። ጉሌድ እሱን ያውቀዋል።"

"እኔም እኮ መስኮት መዝጋት እችላለሁ!"

"ከተነገረህ በኋላ" አለ። "እሱ ሳይነግሩት ነው የሚዘጋው።"

ጉሌድ ለመንገድ የሚሆን ልብስ ስላልነበረው አባቴ ነጩን ሸሚዝ እንድሰጠው አዘዘኝ። አየር ማረፊያው ድረስ ሻንጣውን ተሸክሜ ሸኘሁት። በሸሚዜ ውስጥ ሆኖ፣ በእኔ ወንበር ላይ ሊቀመጥ ወደ አውሮፕላኑ ሲሄድ አየሁት። ቅናት ሆድ ውስጥ የሚቀመጥ ነገር መሆኑን ያን ቀን አወቅሁ። ሐሰድ፣ ምቀኝነት፣ ወንጀል መሆኑን አጥቼው አይደለም። አስተግፊሩላህ እላለሁ፤ ትንሽ ይተኛል፣ ፎቶግራፍ ሲላክ ይነቃል።

ፎቶግራፉ ደግሞ አላቋረጠም። የጉሌድ አፓርታማ፣ የጉሌድ መኪና፣ የጉሌድ ልጅ በነጭ ካልሲ። እኔ የመጋረጃ ሱቅ ከፈትኩ፤ ሰው መስኮቱን ሲሸፍን ነው የምበላው። ጉሌድ እናቱን ልብ ሲያማት ወስዶ አሳከማትና ስንት የልጅ ልጅ አቀፈች። የእኔንም እናት ልብ አመማት። ወደ ሆስፒታል ስንከንፍ ዝናብ ጥሎ ከተማዋን ለሁለት የሚከፍለው ደረቅ ወንዝ ሞልቶ ነበር። መሻገሪያው አንድ ድልድይ ብቻ ስለሆነ የከተማው መኪና ሁሉ እላዩ ላይ ተቆልፏል። እናቴ ከኋላ ወንበር ላይ፣ ራሷን ጭኔ ላይ አድርጋ፣ እዚያው እንደቆምን ነፍሷ ወጣች። ስለ ሁለተኛው ድልድይ በየምርጫው የፈለግነውን ተናግረናል፤ አፋችንን የያዘን አልነበረም። ድልድዩ ግን አልነበረም። ያን ቀን ጉሌድ አጠገቤ ቢሆን ኖሮ ነጩን ሸሚዜን ከላዩ ላይ የምገፍፈው ይመስለኛል።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው ሸብቶ ሊጠይቀኝ የመጣው፤ መስኮቴንም የዘጋው። እሑድ መሪዋ በቀኝ በሆነችው አሮጌ መኪናዬ ወደ አየር ማረፊያ ወሰድኩት። መኪናዋ ውስጥ ከሁለታችን በቀር ሰው አልነበረም፤ እሱ ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ሆዳን ሁልጊዜ እንዲህ ናት?"

"ምኗ?"

"ያሰበችውን የምትናገረው። አንተ ፊት።"

"እኔንስ መቼ ታስተርፈኛለች?" አልኩት። "ባለፈው የመረጥኩትን ሰውዬ ስነግራት እስከ ጁምዓ አኩርፋኛለች።"

"የእኔ ልጅ እኩያዋ ነው" አለ ቀጥሎ። "ትንሽ ሳለ ስለ ገዢው አንድ ነገር ጠየቀኝ። አፉን በእጄ ያዝኩት። ከዚያ ወዲህ ምንም ጠይቆኝ አያውቅም። ጨዋ ነው፣ በየሳምንቱ ይመጣል። ስለ አየሩ እናወራለን። ምን እንደሚያስብ አላውቅም።"

ዞር ብዬ አየሁት። ያንን ፊት አውቀዋለሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ በመስታወት ሳየው ኖሬያለሁ። ቀንቶብኛል! ደስ አለኝ፤ አልደብቅም፣ በጣም ደስ አለኝ። ከዚያ ድልድዩ ላይ ወጣንና እናቴ ትዝ አለችኝ፤ ደስታው እዚያው ቀረ።

"ለምን ጠቅልለህ አትመለስም?" አልኩት።

"ሐኪሜ እዚያ ነው" አለ ደረቱን እየነካ። "አንተስ ልጅህን ይዘህ ብትመጣ?"

"ሆዳን እዚያ አንድ ሳምንት አትቆይም።"

"እሱስ እውነት ነው" አለ፤ ሁለታችንም ሳቅን፤ ብዙም አልሳቅንም።

የቱ ይሻላል ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው፣ የት ቆሜ እንደሚጠይቀኝ ቢያስብበት ጥሩ ነው። ድልድዩ ላይ ከሆነ የምመልስለት አንድ ነው፤ ሳሎኔ ውስጥ ከሆነ ሌላ። አውሮፕላኑ ሲነሣ አንጋጥጬ አየሁት፤ ያ የቆየ ቅናት ነቃ። አሁን ግን ብቻውን አልነበረም፤ የጉሌድም ቅናት ከጎኑ ነበር።

ቤት ስደርስ መስኮቱ እንደተዘጋ ነው፤ ለእንግዳ ክብር ብለን ሳንነካው ሰንብተናል። ከፈትኩት። አሁን አቧራው የእውነት ነበር፤ ጠረጴዛውን፣ ብርጭቆውን፣ ሶፋውን አለበሰው። ቧንቧው ደርቋልና የምወለውልበት ውሃ የለኝም። ልዘጋው እጄን ስዘረጋ ሆዳን ከጓዳ አየችኝ።

"ተወው አባ" አለችኝ፤ ከንቲባውንም ካቆመችበት ቀጠለች።